መጀመሪያ ማን ተጠየቀ?

አንዲት ፊደል ናት። ከሦስት ቢሊዮን ገደማ የዘረመል ፊደላት መካከል አንዷ ትቀየራለች። ልጁ ይህችን ስህተት ከእናቱም ከአባቱም ከወረሰ ቀይ የደም ሴሉ ክብነቱን ትቶ እንደ ማጭድ ይጎብጣል። የጎበጠው ሴል ቀጭን የደም ሥር ውስጥ ይሰነቀራል፣ ደም አላልፍ ይላል። ከዚያ የሚመጣው ሕመም አጥንት ድረስ ይዘልቃል። በሽታው ሲክል ሴል ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ብሪታንያና አሜሪካ ለዚህ በሽታ ካስጄቪ የተባለ ሕክምና አጸደቁ። የሚሠራው በክሪስፐር ነው፤ ዲኤንኤን በተፈለገው ቦታ በሚቆርጠው መሣሪያ። የሚገርመኝ ግን የተሳሳተችውን ፊደል አለመንካቱ ነው። በሽታው የሚያበላሸው ሄሞግሎቢንን ነው፤ በቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ፕሮቲን። ሁላችንም ማህፀን ውስጥ ሳለን የምንጠቀምበት ሌላ ሄሞግሎቢን አለ። ከተወለድን በኋላ ሰውነታችን ያጠፋዋል። ሕክምናው ያንን ማጥፊያ ይሰብረዋል፣ የጽንሱ ሄሞግሎቢን እንደገና ይበራል። በሙከራው በቂ ክትትል ከተደረገላቸው 31 ታካሚዎች 29ኙ ቢያንስ 12 ተከታታይ ወራት ያለ ከባድ የሕመም ቀውስ አሳልፈዋል። እኔ ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ።

«ጂን አይነካ» የሚሉ ሰዎችን ስጋት አልንቀውም። ግን ከ1982 ጀምሮ የስኳር ሕመምተኞች የሰው ጂን የገባበት ባክቴሪያ የሚያመርተውን ኢንሱሊን ይወጋሉ። ከዚያ በፊት ኢንሱሊን የሚገኘው ከአሳማና ከከብት ቆሽት ነበር። ስለዚህ መነካቱ ብቻውን አያስፈራኝም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ የሚነካው ሰው ተጠይቋል?

የሲክል ሴል ሕክምናው ቀላል አይደለም። ከታካሚው ተወስደው የተቀየሩት ሴሎች ሲመለሱ ቦታ እንዲያገኙ መቅኒው መጀመሪያ በከባድ ኬሞቴራፒ ይጸዳል። ይህ ልጅ የመውለድ ዕድልን ሊያሳጣ ይችላል። ቢሆንም ታካሚው ሁሉን ሰምቶ፣ አስቦ፣ «እሺ» ብሎ ነው የሚገባበት። ለውጡም ከእሱ ሰውነት አያልፍም።

አሁን ሌላውን እንይ። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2018 ሄ ጂያንኩይ የተባለ ቻይናዊ ሳይንቲስት ጂናቸው ገና ጽንስ ሳሉ የተቀየረ መንትያ ሴቶች ተወለዱ ብሎ አወጀ። አባታቸው ኤችአይቪ በደሙ ነበረ። ሳይንቲስቱ ልጆቹ በቫይረሱ እንዳይያዙ ነው አለ። ግን ቫይረሱ ከአባት እንዳይተላለፍ የሚያደርግ የታወቀ ዘዴ ቀድሞም ነበረ። ሕፃናቱ የሚታከምላቸው በሽታ አልነበረባቸውም። በ2019 መጨረሻ ፍርድ ቤት ሦስት ዓመት እስር ፈረደበት።

«ጽንስ እንዴት ይጠየቃል? ወላጅ ለልጁ ስንቱን ይወስን የለም ወይ?» የሚል ሙግት አለ። ጠንካራ ሙግት ነው። ክትባትም ሲሰጥ ሕፃኑ አይጠየቅም። ክትባቱ ግን ልጁ ጋ ያበቃል። በጽንስ ላይ የተሠራ ለውጥ ለልጅ ልጅ ይወረሳል። ተሳስተን ብንገኝ ማን ይመልሰዋል? ለእኔ መስመሩ እዚህ ላይ ነው፣ ቢያንስ ለአሁኑ።

ሳይጠየቁ መነካት አዲስ ነገር አይደለም። በ1951 ሄንሪታ ላክስ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት በማህፀን በር ካንሰር ታመመች። ሐኪሞች ከዕጢዋ ሴል ወሰዱ፤ እሷን የጠየቀ የለም። በዚያው ዓመት ሞተች። ሴሎቿ ግን በየላቦራቶሪው መባዛት ቀጠሉ፣ በፖሊዮ ክትባት ምርምር ሳይቀር አገለገሉ። ቤተሰቧ ያወቀው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ዛሬ ደግሞ ምራቅ አለ። ትንሽ ብልቃጥ በፖስታ ይመጣልሃል። እስከ መስመሩ ድረስ ትተፋለህ፣ ከድነህ ትልካለህ። ዘር ማንዘርህን ይነግሩሃል። ቱዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ የተባለው ኩባንያ በ2023 ሰርጎ ገቦች ገብተውበት የ6.9 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች መረጃ ተጋልጧል። በ2025 ደግሞ ኪሳራ አወጀ። ምራቁን የሰጠው አንድ ሰው ነው። ዲኤንኤ ግን የጋራ ነው፣ እህቱም ወንድሙም አብረው ይገለጣሉ። እነሱ የፈረሙት ወረቀት የለም።

እና አሁንም ያልተጠየቁ አሉ። ካስጄቪ በአሜሪካ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። ሲክል ሴል ይዟቸው ከሚወለዱ ሕፃናት አብዛኞቹ የሚወለዱት ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ነው። ስለ ጂን ሥነ ምግባር ስናወራ የጽንሱን ጉዳይ እናነሳለን፣ ዋጋውን ግን ለገበያ እንተወዋለን። ይህ ልክ አይደለም። መድኃኒቱን የሚያጸድቁ መንግሥታትና የሚሸጡት ኩባንያዎች ስለ ዋጋውም በዚያው ጠረጴዛ ላይ መልስ ይስጡ። ዛሬ ሌሊት በሕመም ሲገላበጥ የሚያድረው ልጅ አደጋውንም ጥቅሙንም አስረድቶ «ትፈልጋለህ?» የሚለው ሐኪም የለውም።