«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ያስቀረው አበል

የአክስቴ ልጅ በአሜሪካ ጦር ውስጥ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ኢራቅ፣ ባላድ ከሚባለው የጦር ሰፈር ሲመለስ ሁለት ነገር ይዞ መጣ፦ ደረጃ ሲወርድ የሚያሳብቅበት ጉልበትና ክረምት ከበጋ የማይለቀው ሳል። ባለፈው ዓመት፣ ከስንት ልመና በኋላ፣ መንግሥት በአገልግሎት ላይ ለተጎዱ ወታደሮች ለሚከፍለው የአካል ጉዳት አበል አመለከተ። የምርመራው ቀን ሲደርስ አብሬው ሄድኩ።

ሐኪሟ «እንዴት ነህ?» አለችው። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አላት በእንግሊዝኛ። ጻፈች። ጉልበቱን እንዲያጥፍ ስትጠይቀው ግንባሩ በላብ ተነክሮ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ እስከ መጨረሻው አጠፈው። ማዕዘን መለኪያዋን አስጠግታ ቁጥሩን መዘገበች። «ያምሃል?» «ምንም አይል።» ይህንንም ጻፈች። ከወራት በኋላ ለጉልበቱ የመጣው ውሳኔ የጉዳቱን መጠን ዜሮ በመቶ ይላል። ጉዳቱ በአገልግሎት ጊዜ የደረሰ መሆኑ ታምኗል፤ የሚከፈልበት ግን ሳንቲም የለም።

በሐኪሟ ላይ ቅሬታ የለኝም። የሰማችውንና የለካችውን ነው የጻፈችው። በዚህ አገር የጉልበት ጉዳት በዲግሪ ይለካል፤ መታጠፉ 45 ዲግሪ ላይ ከቆመ 10 በመቶ፣ 30 ላይ ከቆመ 20 በመቶ ነው። ሕመሙ የሚጀምርበት ነጥብም ይቆጠራል፤ እሱ ግን ያንን ነጥብ በጀግንነት አልፎት ሄደ። በ2025 ተመን 10 በመቶ ለተሰጠው ሰው በወር 175 ዶላር ከ51 ሳንቲም፣ 100 በመቶ ለተሰጠውና ጥገኛ ለሌለው 3,831 ዶላር ከ30 ሳንቲም ይከፈል ነበር፤ ግብር አይነካውም። ማስረጃው ለወታደሩም በወታደሩም ላይ እኩል ሲመዝን እንኳ ሕጉ ለወታደሩ እንዲያጋድል ያዛል። ለዚያ ግን ሚዛኑ ላይ የሚቀመጥ ነገር ያስፈልጋል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የምንል ሰዎች ነን። የምንኖረው ግን በሌላው አባባላችን ነው፤ «ሆድ ይፍጀው»። እንኳን ለማናውቀው ሐኪም፣ ለወለደችን እናትም አንናገርም። አክስቴ እስከ ዛሬ የምታውቀው ልጇ በሰላም መመለሱን ብቻ ነው። ጦሩ በ2008 ቋንቋ የሚችሉ የውጭ ዜጎችን ለመመልመል በር ሲከፍት ከፈለጋቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር። የእኛ «ደህና» ሰላምታ እንጂ የጤና ማስረጃ አለመሆኑን ግን ለመርማሪዎቹ የነገራቸው ያለ አይመስለኝም።

ሳሉ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ባላድ ውስጥ አራት ሄክታር ያህል የሚሸፍን የቆሻሻ ማቃጠያ ጉድጓድ ነበር፤ ፕላስቲኩ፣ ጎማው፣ የሕክምና ቤት ጥራጊው ሁሉ በጄት ነዳጅ እየተርከፈከፈ እዚያ ይነድዳል። ጭሱን የተነፈሱ ወታደሮች ለዓመታት ሲያመለክቱ አብዛኞቹ «በሽታህ ከጭሱ መምጣቱን አረጋግጥ» እየተባሉ ተመልሰዋል። የበረሃ ጭስ ደረሰኝ አይሰጥም! ነሐሴ 10 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. የተፈረመውና በሳንባ ካንሰር በሞተው የኦሃዮ ብሔራዊ ዘብ አባል በሂዝ ሮቢንሰን ስም የሚጠራው ሕግ ይህን ገለበጠው። አሁን ወታደሩ በሕጉ በተጠቀሱት አገሮች ማገልገሉና ከተዘረዘሩት በሽታዎች አንዱ እንዳለበት ከታወቀ፣ በሽታው ከአገልግሎቱ እንደመጣ ይቆጠርለታል። ከአገልግሎት በኋላ የታወቀ አስም፣ ሥር የሰደደ ብሮንካይትስና ሳይነስ፣ እንዲሁም በርካታ የካንሰር ዓይነቶች ተካተዋል። ከአገሮቹም ውስጥ ጎረቤቶቻችን ጅቡቲና ሶማሊያ አሉ፤ እዚያ ያገለገሉ ልጆቻችን ይህን ቢያውቁት መልካም ነው።

ታዲያ የአክስቴ ልጅ ሳል ምን ሆነ? ምንም። ሐኪም ዘንድ ሄዶበት አያውቅማ! ሕጉ «ከጭሱ ነው» ብሎ ሊያምነው ተዘጋጅቶ ሳለ፣ ሳሉ ግን ስም የለውም፤ ዝንጅብልና ማር ሲጠጣበት ነው የኖረው።

በኅብረተሰባችን መካከል የሚወራውንም አውቃለሁ። «እጁም እግሩም ሙሉ፣ የመንግሥት ገንዘብ ይበላል።» ይህን የሚሉት ሰዎች የመኪና አደጋ ሲደርስባቸው በማግስቱ ጠበቃ የሚደውሉ ናቸው። ወታደሩ ሲቀጠር የተገባለት ውል ነው፤ ደመወዙን መቀበል ካላሳፈረው ይህን መቀበል ለምን ያሳፍረዋል? የአእምሮ ጉዳት ላይ ስንደርስማ ጭራሽ ይብሳል፤ እንቅልፍ አጣሁ ያለ ሁሉ «ነካው» ይባላል። ስለዚህ ዝም ይላል፤ ዝምታው ደግሞ በፋይሉ ላይ ጤንነት ሆኖ ይጻፋል።

ሌሊቱን የምታውቀው ሚስት ናት። የእሷ የምስክርነት ደብዳቤ በሕግ ማስረጃ ነው፤ አብሮት ያገለገለ ጓደኛውም እንዲሁ። የምስክር ወረቀት ያላቸው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ወኪሎች ማመልከቻውን በነጻ ያዘጋጃሉ፤ ለመጀመሪያው ማመልከቻ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ከመጣ በሩን ዝጉበት። ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ አዲስ ማስረጃ ይዞ የተመለሰ ሰው፣ ከተሳካለት ክፍያው መጀመሪያ ካመለከተበት ቀን ሊታሰብለት ይችላል።

እኛም በዚያው መንገድ ተመልሰናል። ሳሉን የሳንባ ሐኪም አይቶት ብሮንካይትስ ነው ብሏል። ሚስቱ በአማርኛ የጻፈችውን ሁለት ገጽ እኔ ተርጉሜዋለሁ፤ ሌሊት ተነስቶ የመኪና ቁልፍ ጨብጦ ሳሎን ውስጥ እንደሚቀመጥ የሰማሁት ከዚያ ነው። ለአዲሱ ምርመራ ቀጠሮ ተይዟል። ባለፈው እሑድ አብረን ተቀምጠን ጥያቄዎቹን ስናጠና ብዙ ዝም ብሎ ቆየና፣ «ጋሼ፣ ሁሉም ገባኝ። ገና ከበሩ ‹እንዴት ነህ› ስትለኝ ግን ምን ልበላት?» አለኝ።