በዓይኔ በብረቱ ያላየሁትን መሰከርኩ

ባለፈው ክረምት አዳማ ፍራንኮ አካባቢ አንድ የጭነት መኪና ከባጃጅ ጋር ተጋጨ። የባጃጁ አሽከርካሪ እግሩ ተሰበረ፤ ተሳፋሪዋ በቀላል ጉዳት ተረፈች። እኔ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ስለነበርኩ ከምስክሮቹ አንዱ ሆንኩ። ለመርማሪው የሰጠሁት ቃል አጭርና ቁርጥ ያለ ነበር፦ ባጃጁ ጥጉን ይዞ ቆሟል፤ የጭነት መኪናው ከፖስታ ቤት በኩል ሲበር መጥቶ ደፈጠጠው። «እርግጠኛ ነዎት?» ሲለኝ «በዓይኔ በብረቱ!» ብዬ ፈረምኩ። የመኪናው ሾፌር፣ ገና ጢሙን በወጉ ያላበቀለ ልጅ፣ አራት ሌሊት ታስሮ አደረ።

በአምስተኛው ቀን ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ካሜራ የተገኘውን ምስል አሳዩን። ባጃጁ አልቆመም ነበር። ምልክት ሳያሳይ ከጥግ ወደ መሀል መንገድ ሲታጠፍ ነው መኪናው የደረሰበት፤ መኪናውም ሲበር አልመጣም። ይህ አስደነገጠኝ። የባሰ ያስደነገጠኝ ግን በምስሉ ጠርዝ ላይ የሚታየው ሰውዬ ነው። ሊስትሮው ፊት ተቀምጦ፣ አንድ እግሩን ሳጥኑ ላይ ሰቅሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል። ሁለቱ ሲጋጩም አንገቱ እንደተደፋ ነው። ቀና የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። ያ ሰው እኔ ነኝ። ግጭቱን አላየሁትም፤ ላየውም አልችልም ነበር።

አልዋሸሁም። ይህን አንባቢ እንዲያምነኝ እፈልጋለሁ፤ የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገርም ይኸው ነውና። ቃሌን ስሰጥ መኪናው ሲመጣ፣ አቧራው ሲነሳ፣ ባጃጁ ሲገለበጥ ቁልጭ ብሎ ይታየኝ ነበር። ታዲያ ያ ሲበር የመጣ መኪና ከየት መጣ?

ሻይ ቤት ነው የተሠራው። ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ ፕላን እስኪያነሳ ድረስ በረንዳው ጥላ ሥር አርባ ደቂቃ ያህል ተሰብስበን ቆየን። አንዱ «ከላይ ጀምሮ ሲበር ነበር» አለ። አንዲት ሴት «ደፈጠጠው እኮ!» ብላ ደረቷን መታች። እኔ ራሴን እየነቀነቅኩ አዳመጥኩ። ሁለተኛው ሻይ ሲመጣ ታሪኩን የምተርከው እኔ ሆኜ ነበር።

አንጎላችን ያልተከታተለውን ነገር አይመዘግብም። የተከታተለውንም ወዲያውኑ አያጸናውም። አዲስ ገጠመኝ መጀመሪያ የሚያልፈው በአንጎል ውስጠኛ ክፍል፣ በጆሮ ግንድ አቅጣጫ በሚገኘው ሂፖካምፐስ በሚባለው ክፍል በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ሄንሪ ሞሌይሰን የተባለ የ27 ዓመት አሜሪካዊ የሚጥል በሽታው እንዲሻለው ይህ ክፍል ከግራም ከቀኝም በቀዶ ሕክምና ብዙው ተወሰደለት። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2008፣ አዲስ የተዋወቀውን ሰው ከደቂቃዎች በኋላ አያውቀውም ነበር። የልጅነቱን ግን ያስታውሳል።

ገጠመኙ እንዲቆይ የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ የሚገናኙበት መጋጠሚያ መጠንከር አለበት፤ ለዚህም ሴሎቹ አዳዲስ ፕሮቲን ይሠራሉ። ኤሪክ ካንደል ይህን በአንድ የባሕር ቀንድ አውጣ ላይ አጥንቶ በ2000 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ትዝታ ከጭቃ እንደሚሠራ ገንቦ ነው ማለት ይቻላል፤ እስኪደርቅና በእሳት እስኪተኮስ ድረስ የነካው ጣት ሁሉ አሻራውን ይተውበታል። እኛ በረንዳው ላይ ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ እርጥቡን ጭቃ እየተቀባበልን ዳሰስነው።

ነገሩ በዚህም አያበቃም። በዚያው በ2000 ካሪም ናደርና ባልደረቦቹ አንድ ድምፅ ሲሰሙ እንዲፈሩ የተማሩ አይጦችን ወስደው፣ ፍርሃቱን በድምፁ ካስታወሷቸው በኋላ የፕሮቲን ሥራን የሚያግድ መድኃኒት ፍርሃትን በሚመለከተው የአንጎላቸው ክፍል ውስጥ ሰጧቸው። ፍርሃቱ ጠፋ። ሳያስታውሷቸው መድኃኒቱን ብቻ ሲሰጧቸው ግን ፍርሃቱ ባለበት ቀረ። የጸና ትዝታ እንኳ ሲታወስ ለጥቂት ጊዜ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል፤ እንደገና መጽናት ይኖርበታል። ሰው አንድን ነገር ደጋግሞ ባወራ ቁጥር ነገሩ ይበልጥ እርግጥ እየሆነለት፣ ከሆነው ግን እየራቀ ሊሄድ የሚችለው በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

የመርማሪው አጠያየቅ የሚያሳስበኝም ለዚህ ነው። «ሲበር ነው የመጣው አይደል?» ብሎ ነው የጀመረልኝ። ክፋት የለበትም፤ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው እንደዚህ ነው። ግን በ1974 ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር የተባሉ ተመራማሪዎች ለ150 ተማሪዎች የመኪና አደጋ ፊልም አሳይተው ለ50ዎቹ «መኪኖቹ ሲላተሙ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?»፣ ለሌሎች 50 ደግሞ «ሲጋጩ» ብለው ጠየቁ፤ የቀሩትን ስለ ፍጥነት አልጠየቋቸውም። ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» አሏቸው። በፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። «ሲላተሙ» ከተባሉት 16ቱ፣ «ሲጋጩ» ከተባሉት 7ቱ አይተናል አሉ። መስታወቱን የሰበረው አንድ ግሥ ነው። በእኛ ቋንቋ ነካው፣ ገጨው፣ ዳጠው፣ ደፈጠጠው እያልን በአንድ ትንፋሽ የምናቀያይራቸው ግሦች ምን ያህል ሰው እንዳሳሰሩ አስቡት።

በ1984 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ጄኒፈር ቶምፕሰን የተባለች ወጣት የደፈራትን ሰው ላለመርሳት መልኩን ሆን ብላ አጠናች። ሮናልድ ኮተን ነው ብላም መሰከረችበት። በኋላ እውነተኛውን ወንጀለኛ ፍርድ ቤት አምጥተው ሲያሳዩአት አይቼው አላውቅም አለች። ኮተን ከአሥር ዓመት በላይ ታስሮ በ1995 በዲኤንኤ ምርመራ ነጻ ወጣ። እኔ ሊስትሮ ፊት አንገቴን ደፍቼ ነበር፤ እርሷ ግን ዓይኗን አልነቀለችም።

ምስክርነት ይቅር እያልኩ አይደለም። በየመንገዱ ካሜራ የለም፤ በጅቡቲ መስመር ላይ ባለች፣ ከባድ መኪና፣ ባጃጅና ጋሪ በሚጋፉባት በአዳማ የሰው ቃል ያስፈልጋል። ቶሎ የተወሰደ፣ ያልተነካካ ቃል ደግሞ ብዙ ዋጋ አለው። የምለው አወሳሰዱ ይስተካከል ነው። ምስክሮች ቃላቸውን እስኪሰጡ ድረስ አብረው አይቀመጡ። ዳንኤል በሶስና ላይ የመሰከሩትን ሁለት ሽማግሌዎች ለይቶ እንደጠየቃቸው ሁላችንም እናውቃለን፤ እርሱ ውሸታሞችን ለማጋለጥ ነው፤ እውነተኞችን ለመጠበቅም ያው መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን አየህ?» ሳይሆን «ከዚያ በፊት ምን ታደርግ ነበር?» ይሁን። ይህን ተጠይቄ ቢሆን ኖሮ ጫማ አስጠርግ ነበር እል ነበር፤ ነገሩም ያኔ ይገለጥ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን ጥያቄው ከመልሱ ጋር ይጻፍ። የእኔ ቃል በመርማሪው አነጋገር ተጽፎ ተነበበልኝ፤ «ሲበር» የሚለው ቃል የእርሱ ይሁን የእኔ ወረቀቱ አይናገርም። ፍርድ ቤት የራስን ምስክር በሚመራ ጥያቄ መያዝ አይፈቀድም ተብሎ ጠበቃ ተነስቶ ይቃወማል። ትዝታው ግን ከወራት በፊት ጣቢያ ውስጥ ተመርቶ አልቋል።

ምስሉን ባየሁ ዕለት ተመልሼ ቃሌ እንዲስተካከል ጠየቅኩ። መርማሪው፣ ይመስገን፣ አልተቆጣም። «ታዲያ ጋሼ፣ በትክክል ያዩት የትኛውን ነው?» አለኝ። ድምፅ ሰማሁ፤ ቀና ስል ባጃጁ ተገልብጦ ነበር፤ የፊት ጎማው በአየር ላይ ይሽከረከር ነበር፤ ቲማቲም አስፋልቱ ላይ ተበትኗል። ሌላ የለኝም አልኩት። ሁለት መስመር ሞላ።

ልጁ ተፈትቶ ሥራው ላይ ነው። እኔ ግን ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ያ መኪና ከፖስታ ቤት በኩል ሲበር ይመጣል።