ዳጣው ይታሸግ፣ ግን በወጉ

የታሸገ ዳጣና አዋዜ ገበያው እየደራ ነው ብላችሁ መጻፋችሁ ልክ ነው። እኛም ጋ ጅማ፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ በጠርሙስ ተደርድሮ እናየዋለን። ደስ ይለኛል። ቃሪያ ለቅሞ፣ ነጭ ሽንኩርት ልጦ፣ ዝንጅብል ወቅጦ የሚሠራበት ጊዜ ያለው ሰው ዛሬ ስንት ነው?

ግን አንድ ነገር በጣም ያሳስበኛል። የእናቶቻችን ዳጣ የሚቆየው እንዲሁ አይደለም። ከጨው ጋር ተፈጭቶ ሲቀመጥ ይብላላል፣ ይኮመጥጣል። የሚጠብቀው ያ ኮምጣጣነቱ ነው። የአሲድነት መለኪያው፣ ፒኤች የሚባለው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ኮምጣጣነቱ ቀነሰ ማለት ነው፤ ከ4.6 በላይ ከሆነ ግን ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ አየር በሌለበት ጠርሙስ ውስጥ ሊያድግና መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ላዩ ላይ ዘይት ማፍሰስ አየር ይከለክላል እንጂ ባክቴሪያውን አይገድልም። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ተዘፍዝፎ ከፍሪጅ ውጭ ሲከርም ደግሞ ይብሳል።

በቅርቡ የገዛሁት ጠርሙስ የተመረተበት ቀን አልተጻፈበትም። ክዳኑ አብጦ ነበር። ስከፍተው ፉሽ ብሎ አረፋው ጠረጴዛው ላይ ገነፈለ። ባለሱቁ «ትኩስ ስለሆነ ነው እኮ» አለኝ። ሳልቀምሰው ጣልኩት።

እዚህ ቤታቸው ሠርተው የሚሸጡ ባለሙያ እህቶች አሉ። ኮረሪማውም ዝንጅብሉም የአካባቢያችን ነው። የሚጎድላቸው መለኪያና ሥልጠና ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በግብርና ኮሌጁ የድህረ ምርት፣ ማለትም ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ያለውን አያያዝ የሚያስተምር፣ ትምህርት ክፍል አለው። እባካችሁ የዩኒቨርሲቲው ሰዎች፣ ዳጣቸውን ይዘው መጥተው የሚያስለኩበት አንድ ቀን እንኳ መድቡላቸው።