ሰኞ ሰኞ የምትሞት መኪና

አዲስ መኪና የገዛ ሰው ቁልፉን በተቀበለባት ደቂቃ የማማረር መብቱን ያጣል። ይህን የተረዳሁት ባለፈው ጥቅምት፣ ግማሽ ዕድሜዬን በታክሲ ሰልፍ ላይ ከፈጀሁ በኋላ፣ በባንክ ብድርና በባለቤቴ ዕቁብ አንዲት አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና በገዛሁ ጊዜ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ አዲስ መኪና ማለት የኤሌክትሪክ መኪና ማለት ስለሆነ ብዙም አላማረጥኩም። ዘመድ አዝማድ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ሊል መጣ፤ ባለቤቴ ቡና አፈላች፤ አክስቴ ጠበል ይዘው መጥተው ከፊት መብራቷ እስከ ኋላ ሰሌዳዋ ረጯት፤ የሠፈሩ ልጆችም ድምፅ የላትም የተባለው እውነት መሆኑን ለማጣራት ተራ በተራ ጆሯቸውን ኮፈኗ ላይ ለጠፉ። በሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ሞታ ተገኘች።

ሞታ የምለው ለማጋነን አይደለም። ሪሞቱን ብጫን በሩ አይከፈትም፤ በሪሞቱ ሆድ ውስጥ በተደበቀችው የብረት ቁልፍ ከፍቼ ብገባ፣ ልጄ ለጓደኞቹ የሚያወራላት ያች ሰፊ ስክሪን በክረምት እንደተዘጋ ትምህርት ቤት ሰሌዳ ጥቁር ብላ ጠበቀችኝ። የግቢው ዘበኛና ሁለት ጎረምሶች እጅጌያቸውን ሰብስበው «ገፋ ገፋ እናድርጋት» ሲሉ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ተገፍታ እንደማትነሣ፣ እንዲያውም ጎማዋ ስለተቆለፈ ለመገፋትም ፈቃደኛ እንዳልሆነች ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ። ዘበኛው እስከ ዛሬ ድረስ ችግሩ ሁሉ የመጣው ያኔ ስላልተገፋች ነው ብሎ ያምናል።

ያዳኑኝ አጥር የምንጋራቸው የላዳ ታክሲ ባለቤት ናቸው። የኤሌክትሪክ መኪና ሁለት ባትሪ እንዳላት የተማርኩትም ያን ዕለት ነው። አንደኛው ወለሏ ሥር የተነጠፈው፣ መኪናዋን የሚያስኬደውና ገንዘቤን የበላው ትልቁ ባትሪ ሲሆን፣ ሁለተኛው በማንኛውም አሮጌ መኪና ኮፈን ሥር የሚገኘው ዓይነት ባለ12 ቮልት ትንሽ ባትሪ ነው። ትልቁ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ ትንሹ ካለቀ፣ በሩን የሚከፍት፣ ኮምፒውተሩን የሚቀሰቅስ፣ ትልቁንም ባትሪ ከቀረው አካሏ ጋር የሚያገናኝ ኃይል አይኖርም፤ ጎተራው ሙሉ የሆነ ባለጠጋ ቁልፍ ያዡ ጠፍቶበት ጦሙን እንደሚያድረው መሆኑ ነው። ጋሼ ከእኔ ዕድሜ እምብዛም የማታንሰውን ላዳቸውን እያስነጠሱ አስጠግተው፣ ሁለቱን ባትሪዎች በገመድ ሲያገናኟቸው የእኔዋ ዐይኗን ገለጠች። ገመዳቸውን እየጠቀለሉም «አይዞህ፣ አዲስ ጫማም መጀመሪያ ላይ ይነክሳል» አሉኝ።

ጫማ አልነበረችምና በሚቀጥለው ሰኞም ደገመችው። ወደ ሻጩ ድርጅት ጋራዥ ወሰድኳት። እንግዳ ተቀባይዋ ወጣት በትሕትና «ምን ልታዘዝ ጋሼ?» ስትለኝ፣ ዐርብ ማታ ሳቆማት ደኅና እንደነበረች፣ ቅዳሜና እሑድ እንዳልነካኋት፣ መብራትም በርም ክፍት እንዳልተውኩ፣ የዘበኛውን ምስክርነት ጨምሬ ሩብ ሰዓት ያህል ተረክሁላት። በጥሞና ሰማችኝ፤ ሁለት ጊዜም ከንፈሯን መጠጠችልኝ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ሦስት ቃል ጻፈች፦ «ባትሪ ቼክ ይደረግ»።

ቼክ ተደረገ፤ ጤነኛ ሆኖም ተገኘ። ለምን አይገኝ? ከቤቴ እስከ ጋራዡ ባለው የአንድ ሰዓት መንገድ ትልቁ ባትሪ ትንሹን ሲሞላው ነው የመጣው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስል አድሮ ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ የሚስቅ ሕፃን የያዘች እናት ሐፍረቴን ታውቅልኛለች። በሁለተኛው ጉብኝት ባትሪውን ቀየሩት፤ ሰኞ ሞተ። በሦስተኛው ደግመው ቀየሩት፤ እሱም ሰኞ ሞተ። «እባካችሁ እንደሞተች ቤት መጥታችሁ እዩአት» ብል የሰኞ ትራፊክ ተጠቀሰብኝ፤ በመጨረሻም አንድ የጋራዡ ኀላፊ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ጋሼ፣ ይኸ እኮ የመኪናዋ ባሕርይ ነው» አለኝ። ይህች ቃል ምን ያህል ጥበብ እንዳለባት የገባኝ ቤቴ ከደረስኩ በኋላ ነው፤ ጉድለት ይጠገናል፣ ባሕርይ ግን ይቻላል። ሰውዬው ያለ አንዳች መፍቻ መኪናዬን ከጥገና ክፍል አውጥቶ ከትዳር ጉዳይ ጋር ደባለቃት።

በዚህ መካከል የመኪናዋ ሕመም የሠፈር ሆነ። አክስቴ ዐይን እንደበላት አላጠራጠራቸውምና ሁለተኛ ዙር ጠበል ይዘው መጡ፤ ኤሌክትሪክና ውሃ አይስማሙም ብዬ በብዙ ልመና ጣሪያዋ ላይ ብቻ እንዲረጩ ተስማማን። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ግን ዘመናውያን ስለሆኑ ወደ ነገሩ ሥር ነው የሄዱት፤ አንዱም «ሕመሟ ምንድን ነው?» ብሎ አልጠየቀኝም፤ ሁሉም «እዚያ ሰው አለህ?» አሉኝ። ሰው አልነበረኝም። ደግነቱ የባለቤቴ አጎት የሻጩን አባት በአንድ ዕድር ያውቋቸው ኖሮ፣ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጨምረው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ስለ አንዲት ባለ12 ቮልት ባትሪ ሊያማልዱ ሄዱ። ማለፊያ አቀባበል እንደተደረገላቸው፣ ልጁ አስተዳደግ ያየ መሆኑንና «እናየዋለን» ብሎ ቃል መግባቱን ነግረውን ተመለሱ። ቃሉንም አጠፈ አልልም፤ መኪናዋን ተቀብሎ አሳጥቦ፣ በሽቶ አሽትቶ ላከልን። ሰኞ ጠዋት ስትሞት ጽጌረዳ ጽጌረዳ ትሸት ነበር።

በዚያው ሳምንት ቨርጂኒያ የሚኖረው የባለቤቴ ወንድም ደወለና ሁሉንም ከሰማ በኋላ «ጉድ ሆነሃል፣ ሎሚ ነው የገዛኸው» አለኝ። እኔ የማውቀው ሎሚ የጥምቀት ዕለት ለወደዷት ልጅ የሚወረወረውን ነው። እነሱ ዘንድ ግን እየተጠገነ የማይድን አዲስ መኪና ሎሚ ይባላል፤ በስሙም የሚጠራ ሕግ አለው። በቨርጂኒያ አዲስ መኪና የገዛ ሰው በመጀመሪያዎቹ 18 ወራት ውስጥ ያንኑ ጉድለት ሦስት ጊዜ አስጠግኖ ካልዳነለት፣ ወይም መኪናው ለጥገና በድምሩ 30 ቀን ከቆመበት፣ አምራቹ እንዲቀይርለት ወይም ገንዘቡን እንዲመልስለት መጠየቅ ይችላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው ይባል ነበር፤ የእኔ አንዲቷ ብቻዋን ወገቤን አጉብጣኝ ስለነበር ስለዚህ ሕግ በቅናት አዳመጥኩ። ቀጥሎ ያለኝ ነገር ግን ቅናቴን አበረደው፤ «እዚህም ቢሆን የሚቆጠረው በወረቀት ነው። እስቲ የአንተን የጋራዥ ወረቀቶች አንብብልኝ» አለኝ።

አነበብኩለት። በመጀመሪያው «ባትሪ ቼክ ይደረግ፤ ጤነኛ»፤ በሁለተኛው «ባትሪ ተቀየረ»፤ በሦስተኛው «ባትሪ ተቀየረ፤ መኪናው በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል»፤ በአራተኛው «እጥበት»። ሰኞ የሚል ቃል የትም የለም፤ ሞተች የሚል የትም የለም። በወረቀቱ መሠረት እኔ ጤነኛ መኪና እየነዳሁ በየወሩ ባትሪ የምለምንና በመጨረሻም በነፃ የታጠበልኝ ሰው ነኝ።

የራሳችንን ሕግ ያነበብኩት ከዚህ በኋላ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን አንሥቶ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሊጠይቅ እንደሚችል ይናገራል። በ15 ቀን ውስጥ ሰኞ የሚውለው ሁለቴ፣ ለዕድለኛ ደግሞ ሦስቴ ነው፤ እኔ የመጀመሪያውን «አይዞህ» ስባል፣ ሁለተኛውን ራሴን ስወቅስ አሳልፌዋለሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ገዢ ዕቃውን ፈጥኖ እንዲመረምርና ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ማስታወቅስ በአፌ፣ በሽማግሌ፣ በጠበልም ጭምር አስታውቄ ነበር፤ የቀረኝ በጽሑፍ ማስታወቅ ብቻ ነው።

ደብዳቤውን ልጽፍ ስቀመጥ ባለቤቴ ፊቷ ጠቆረ። «ሽማግሌ ተልኮ ሳለ ደብዳቤ መጻፍ እኮ ጠብ ነው» አለችኝ። ልክ ነበረች፤ እኛ ዘንድ ቅሬታን በአፍ መናገር ጨዋነት፣ በጽሑፍ ማስፈር ደግሞ ዱላ ማንሣት ነው። ያም ሆኖ ጻፍኩ። የሞተችባቸውን ሰኞዎች ከነቀናቸው፣ ኪሎ ሜትሯን፣ የተቀየሩትን ሁለት ባትሪዎች ዘረዘርኩ፤ ምሬቴን፣ ብድሬንና የሠፈሩን ሐሜት ተውኩት። ጉድለቷንም በአንድ ዐረፍተ ነገር ገለጽኩት፦ «መኪናዋ 60 ሰዓት ያህል ሳትነካ ስትቆም ባለ12 ቮልት ባትሪዋ ባዶ ሆኖ ይገኛል።» በመጨረሻም ዐርብ ማታ እንዲረከቡኝ፣ ማንም ሳይነካት እንዲያሳድሯት፣ ሰኞ ጠዋት እኔው ባለሁበት እንዲከፍቷት ጠይቄ፣ ሁለት ቅጂ አዘጋጅቼ አንደኛው ላይ «ደርሶናል» የሚል ማኅተም እንዲያርፍልኝ አቀረብኩ።

እንግዳ ተቀባይዋ ማኅተም የሚለውን ስትሰማ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «ጋሼ፣ ክስ ነው እንዴ?» አለችኝ፤ መልሴን ሳትጠብቅም ወደ ውስጥ ገባች። በአራት ወር ውስጥ አይቻቸው የማላውቅ ሥራ አስኪያጅ ወጡና ቡና አዘዙልኝ፤ «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል?» አሉኝ። አራት ወር ሙሉ ደንበኛ ብቻ ነበርኩ፤ ቤተሰብነቱን ያገኘሁት በደብዳቤ ነው። ቡናውን ጠጣሁ፤ ማኅተሙንም አስመታሁ።

ዐርብ 12 ሰዓት ላይ በሩ መጋጠሚያ ላይ ፕላስተር ለጥፌ ፈርሜበት ወጣሁ። ይህን ያደረግሁት ከዝምድናችን የተነሣ አንዱ በቅንነት ገብቶ እንዳያጥባት ሰግቼ ነው። ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ፣ ያ «ባሕርይዋ ነው» ያለኝ ኀላፊና አንድ ወጣት መካኒክ ከበዋት ቆምን። ሥራ አስኪያጁ ሪሞቱን ጫኑ። ዝም። ጠጋ ብለው ጫኑ። ዝም። እጃቸውን ወደ ሰማይ ከፍ አድርገው፣ ከዚያም ሪሞቱን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው ጫኑ። የገዛ መኪናው ሞታ እንደዚያ ፊቱ የበራ ሰው በዚያ ጋራዥ ታይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ አንድ ቀን እንኳ አልፈጀም። ወጣቱ መካኒክ በሌላ ባትሪ አስነሥቷት፣ ቆልፏት፣ ኮምፒውተሮቿ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ከግማሽ ሰዓት በላይ ጠብቆ፣ ከትንሹ ባትሪ የሚወጣውን የኤሌክትሪክ ፍሰት ለካ። ተኝታ ሳለ ከ0.05 አምፔር ባይበልጥ የሚገባው 0.6 ሆኖ ተገኘ። ከዐርብ 12 ሰዓት እስከ ሰኞ 1 ሰዓት 61 ሰዓት ነው፤ በ0.6 ሲባዛ ከ36 አምፔር ሰዓት በላይ፣ ማለትም ባለ45 አምፔር ሰዓት የሆነውን ባትሪ ዐምስት እጅ ብንለው አራቱን እጅ በጥቂቱ የሚያልፍ ነው። ማን እንደሚጠጣው ለማወቅ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ሲነቅል፣ የአንዷ ተራ ሲደርስ ፍሰቱ ወረደ። መኪናዋ ስለ ራሷ ለአምራቿ በስልክ ኔትወርክ እንድታወራ የተገጠመላት መሣሪያ ነበር። የተሠራው ለአገሯ ኔትወርክ ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ የሚመልስለት አጥቶ፣ መተኛት ሲገባው ሌሊቱን ሙሉ አገሩን ሲጣራ ያድር ነበር። እውነቱን ለመናገር ትንሽ አዘንኩለት፤ የቨርጂኒያው አማቼም በእኩለ ሌሊት ሲደውል እንዲሁ ነው የሚያደርገው።

መካኒኩን ለብቻው ይዤ «ይህን ያህል የምታውቅ ልጅ አራት ወር የት ነበርክ?» አልኩት። ትከሻውን ሰብቆ «ጋሼ፣ እኔ ጋ የሚደርሰው ወረቀት እኮ ባትሪ ቼክ ይደረግ ነው የሚለው፤ ቼክ አደርጋለሁ» አለኝ። ሰኞ የሚባል ነገር መኖሩን ማንም አልነገረውም። መሣሪያውን ነቀለው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሶፍትዌሩ ተስተካክሎ ተመለሰ፤ በወረቀቴም ላይ በጥያቄዬ የጉድለቱ ምክንያት በአራት መስመር ተጻፈ። ያን ወረቀት ከጋብቻ ምስክር ወረቀታችን ጋር በአንድ ፖስታ አስቀምጬዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ሰኞ አልፏል፤ ስድስቱንም በሰላም ተነሥታለች። በስድስተኛው ሰኞ ከግቢ ልወጣ ስል ጋሼ ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ለካ ላዳቸው አልነሣም ብላ ኖሯል፤ ውለታዬን እንድመልስ ነው የመጡት። የመኪናዬ መመሪያ ግን ለሌላ መኪና ኃይል መስጠትን ይከለክላል፤ ገጹን በስልኬ አስተርጉሜ አንብቤዋለሁ። እንዴት ብዬ በአፌ እንደምነግራቸው ቢጨንቀኝ፣ የወረቀት ሰው ሆኛለሁና መመሪያውን ከመሳቢያው አውጥቼ ክልከላው ያለበትን ገጽ አሳየኋቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አጥልቀው ገጹን ወደ ብርሃን ዘርግተው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት፤ ጣታቸውንም በቻይንኛው ፊደል ላይ ከላይ ወደ ታች አስኬዱት።

«ይኸ» አሉ በመጨረሻ፣ የገመዱን አንድ ጫፍ እያቀበሉኝ፣ «‹ስጥ› ነው የሚለው።»