ሁለቱም ጆሮ ሲደክምስ?

ስለ መስማት መቀነስ ያነበብኩት ጽሑፍ ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ የአንጎል ምስል) የሚያስፈልገው አንድ ጆሮ ብቻ ሲደክም ነው ይላል። በአብዛኛው ልክ ነው፤ የመስማት ነርቭ ዕጢ በብዛት የሚወጣው በአንድ ወገን ነው። የሁለቱን ጆሮ ጉዳይ ግን «እርጅና ነው» ብሎ ቶሎ ዘጋው። ኤንኤፍ2 በሚባለው፣ ነርቮች ላይ ዕጢ በሚያበቅል የዘረመል ሕመም ዕጢው በሁለቱም በኩል ይበቅላል። ሌላም አለ፦ ውስጥ ለውስጥ ቀስ እያለ የሚንጠባጠብ ደም በውስጡ ያለውን ብረት አንጎል ገጽና የመስማት ነርቭ ላይ ይተዋል። ሰውየው መስማቱ ይቀንሳል፣ ሲራመድም ይንገዳገዳል። ይህ ሲቲ ስካን ላይ በቀላሉ አይታይም። የደም ቅሪትን ለይቶ በሚያነሳ ኤምአርአይ ግን አንጎሉ ዙሪያ እንደ ጥቁር ጠርዝ ይወጣል።

እኛ አዲስ አበባ ዳር ቱሉ ዲምቱ ያለን ሰዎች ሽማግሌ አባት ይዘን መሃል ከተማ ሁለቴ መመላለስ አንችልም፤ ወጪውም ቀልድ አይደለም። መጀመሪያ ኩክ ካለ ይጠረግ፣ የመስማት ምርመራም ይሠራ። መንገዳገድ ካለ ደግሞ ለሐኪሙ ንገሩት። ማዘዣው ላይ ካልተጻፈ የደም ቅሪትን የሚያሳየው ምስል ላይነሳ ይችላል።