ቼክ በፖስታ መላክ ይብቃን፤ ሌላ መንገድ የሚነፍጉንም ይጠየቁ

ባለፈው ዓመት እዚህ አሜሪካ እናቴ የመብራት ቢሏን ከፍላ ወር ከቆየች በኋላ ከመብራት ድርጅቱ ደብዳቤ ደረሳት። ክፍያው አልገባም፣ ቅጣት ታክሎበታል፣ ካልተከፈለ ይቆረጣል ይላል። እሷ ግን አላመነችም። የቼክ ደብተሯን አውጥታ ከእያንዳንዱ ቼክ ሥር የምትቀረውን ስስ ቅጂ ገልጣ አሳየችኝ። «ይኸው ልጄ፣ 86 ዶላር። ቀኑም አለ። በገዛ እጄ ነው ሰማያዊው የፖስታ ሳጥን ውስጥ የከተትኩት።» እውነቷን ነው። የባንኳ ድረ ገጽ ላይ ገብተን ስናይ ቼኩ ተመንዝሯል። የተመነዘረው ግን በ4,860 ዶላር ነው፤ የተከፈለውም ስሙን ሰምተን ለማናውቀው ሰው ነው።

የቼኩን ምስል በስልኬ አጎላሁት። ፊርማው የእናቴ ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለችው የምትንቀጠቀጥ ጭረት እንኳ ሳትቀር። ስሙና የገንዘቡ መጠን ግን በሌላ ሰው እጅ፣ ወፈር ባለ ጥቁር ቀለም ተጽፏል። ከጽሑፉ ሥር ያለው የወረቀቱ ጌጥ በረኪና እንደነካው ልብስ ነጥቷል። ቼክ ማጠብ የሚሉት ይህንን ነው። የተለመደው የእስክሪብቶ ቀለም እንደ አሴቶን ባለ ኬሚካል ይለቃል፤ ሌባው ፊርማውን አትርፎ ሌላውን ያጥባል፣ ሲደርቅ የፈለገውን ይጽፍበታል። እናቴ ምስሉን ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆይታ «ፊርማዬን ሰርቆ አይደለም፤ እኔው ነኝ የፈረምኩለት» አለች። ከገንዘቡ ይልቅ ያ ነገር ነው ያሳመማት።

ይህ የእሷ ዕድል ብቻ ቢሆን ኖሮ ለጋዜጣ አልጽፈውም ነበር። የአሜሪካ ግምጃ ቤት ውስጥ የገንዘብ ወንጀሎችን የሚከታተለው ፊንሰን የተባለው ክፍል በየካቲት 2023 (እ.ኤ.አ.) ለባንኮች ሁሉ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር፤ ከፖስታ እየተሰረቀ የሚጭበረበር ቼክ በመላ አገሪቱ ጨምሯል የሚል። ባንኮች በ2021 ያቀረቡት የቼክ ማጭበርበር ጥቆማ ከ350,000 በላይ ነበር፤ በ2022 ከ680,000 በላይ ሆነ። ማስጠንቀቂያው ከወጣ በኋላ በነበሩት ስድስት ወራት ብቻ ከፖስታ ስርቆት ጋር የተያያዙ 15,417 ሪፖርቶች ቀረቡ፤ የተጠረጠረው ገንዘብ ከ688 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ከእነዚህ 44 በመቶ ያህሉ እንደ እናቴ ቼክ ተለውጠው ገቢ የተደረጉ ናቸው። 26 በመቶው ደግሞ እንደ ናሙና አገልግለው ሌሎች ሐሰተኛ ቼኮች ተሠርተውባቸዋል። ይህኛው ይበልጥ ያስፈራኛል፤ ምክንያቱም ቼክ ላይ ስማችን፣ አድራሻችን፣ የባንኩ መለያና የሂሳብ ቁጥራችን አንድ ላይ ታትመዋል። አንዷን ቼክ ማሳገድ አይበቃም፤ ሂሳቡ ራሱ መዘጋት አለበት።

ሌባው እንዴት ነው ሳጥኑን የሚከፍተው? ብዙውን ጊዜ ሰብሮ ሳይሆን በቁልፍ ነው። የአሜሪካ ፖስታ ቤት «አሮው ኪ» የሚባል ቁልፍ አለው፤ አንዱ ቁልፍ በአንድ አካባቢ ያሉትን ሰማያዊ ሳጥኖችና የአፓርትመንት የጋራ ሳጥኖች ይከፍታል። ቁልፉን ለማግኘት ሌቦች በጠራራ ፀሐይ ፖስተኞች ላይ መሣሪያ ይደግናሉ። በ2022 በጀት ዓመት 412 ፖስተኞች በሥራ ላይ እያሉ ተዘርፈዋል። ከእነዚያ ፖስተኞች መካከል በዕድሜ የገፉ፣ በበረዶና በሐሩር የሚሄዱ አሉ። ስለ ጠፋ ቼክ ስናወራ መጀመሪያ የእነሱ ሕይወት ሊታወሰን ይገባል። ፖስታ ቤቱ በ2023 ቁልፎቹን በኤሌክትሮኒክ መቆለፊያ መተካት፣ ሳጥኖቹንም ማጠናከር መጀመሩን አስታውቋል። መልካም ነው፤ ግን ሳጥኑ በአገሪቱ በየጎዳናው ያለ ነው፣ በአንድ ጀምበር የሚያልቅ ሥራ አይደለም።

ሌባ ባይኖርም እንኳ ፖስታው በሰዓቱ ላይደርስ ይችላል። በጥቅምት 2021 ለተራ ደብዳቤ የተሰጠው የማድረሻ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን የነበረው ከ1 እስከ 5 ቀን ሆኗል። በታኅሣሥ 2025 ደግሞ ፖስታ ቤቱ በደንቡ ላይ ያለውን ነገር ግልጽ አድርጎ ጻፈ፦ ደብዳቤው ላይ በሚመታው ማኅተም ያለው ቀን ፖስታ ቤቱ ደብዳቤውን የተቀበለበት ቀን ላይሆን ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የፌደራል የግብር ማስታወቂያ በጊዜው ከተላከ በጊዜው እንደደረሰ ይቆጠራል፤ የማኅተሙ ቀን ይበቃል። ለቢል ግን የሚቆጠረው የደረሰበት ቀን ነው። የክሬዲት ካርድ ሕግ ለምሳሌ ድርጅቱ ቢሉን ከመክፈያው ቀን ቢያንስ 21 ቀን ቀድሞ እንዲልክ ያስገድደዋል፤ ክፍያው በቀኑ እስከ ከሰዓት 11 ሰዓት ከደረሰም በሰዓቱ ነው። ከዚያ ካለፈ፣ «ከሳምንት በፊት ልኬዋለሁ» ማለት አያድንም።

እናቴን «ለምን በስልክ አትከፍዪም?» እያልኩ ለዓመታት ተቆጥቻታለሁ፤ አሁን ይጸጽተኛል። እሷ ቼክን የምትወደው አዲስ ነገር ስለምትፈራ አይደለም። ወረቀቱ እጇ ላይ ይቀራል፤ ማን፣ ስንት፣ መቼ የሚለውን ማንንም ሳትጠይቅ ታያለች። እንግሊዝኛ እንደልቧ ለማትናገር ሴት ያ ቅጂ ጠበቃዋ ነው። «ስልክ ላይ የከፈልኩትን በምን አሳያለሁ?» ስትለኝ መልስ ሳልሰጣት ነው የኖርኩት። መልሱ ግን አለ። ያለፈቃዷ ከሂሳቧ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ገንዘብ ቢወጣ፣ የፌደራሉ ሕግ ስቴትመንቱ (የወሩ የሂሳብ መግለጫ) ከተላከ በኋላ 60 ቀን የማመልከቻ ጊዜ ይሰጣታል፤ ባንኩ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ማጣራቱን ካልጨረሰም አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን በጊዜያዊነት መመለስ አለበት። ለቼክ እንዲህ ያለ ጥበቃ የለም። ብዙ ባንኮች በውላቸው 30 ቀን ያህል ብቻ ይሰጣሉ፤ ከዚያ የእሷ ባንክና ቼኩ የገባበት ባንክ እርስ በርስ እየተጻጻፉ ወራት ያልፋሉ። የእናቴ ገንዘብ የተመለሰው በአራተኛው ወር ነው።

አንድ ወጥመድ አለ፣ ሳልናገረው ማለፍ አልፈልግም። ከባንካችሁ ድረ ገጽ «ቢል ክፈል» የሚለውን ስትጫኑ ሁልጊዜ ገንዘቡ በኤሌክትሮኒክ ይሄዳል ማለት አይደለም። ተቀባዩ በዚያ መንገድ የማይቀበል ከሆነ ባንኩ በእናንተ ስም የወረቀት ቼክ አትሞ በፖስታ ይልካል። ከሸሻችሁት ሳጥን ተመልሳችሁ ገባችሁ ማለት ነው። ስለዚህ በምን መንገድ እንደሚሄድ ሳታዩ አታረጋግጡ። በቴክስት በመጣ ማስፈንጠሪያ ደግሞ በፍጹም ቢል አትክፈሉ፤ ድረ ገጹን ራሳችሁ ጽፋችሁ ግቡ።

እስካሁን ያልኩት ከፋዩን የሚመለከት ነው። ቁጣዬ ግን ያለው በሌላ በኩል ነው። ዛሬም ኪራይ በቼክ ካልሆነ የማይቀበሉ አከራዮች አሉ። በካርድ ወይም በድረ ገጽ ለሚከፍል ሰው «የአገልግሎት ክፍያ» የሚጨምሩ ድርጅቶች አሉ። ገቢዋ የተወሰነ እናት ያን ጭማሪ አይታ ወደ ቴምብሩ ብትመለስ ማን ሊፈርድባት ይችላል? የአገሪቱ መንግሥት ራሱ በመጋቢት 2025 በወጣ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ የወረቀት ቼክ መክፈልን እስከ መስከረም 30 ቀን 2025 እንዲያቆም ተወስኗል። በትእዛዙ ላይ የሰፈረው ምክንያት የግምጃ ቤቱ ቼክ ከኤሌክትሮኒክ ክፍያ ይልቅ ጠፋ፣ ተሰረቀ፣ ተመለሰ ወይም ተለወጠ የሚል ሪፖርት የሚቀርብበት ዕድል 16 እጥፍ ነው የሚል ነው። መንግሥት ለራሱ ገንዘብ የፈራውን መንገድ ኪራይ ከፋይዋ ያለ ምርጫ እንድትሄድበት መደረጉ ትክክል አይደለም። በቤት ኪራይና በመብራት ውል ውስጥ ከባንክ ሂሳብ በቀጥታ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚከፈልበት መንገድ ግዴታ መሆን አለበት። ቼኩ መሰረቁን በባንክና በፖሊስ ማስረጃ ያሳየ ሰው ላይም የመዘግየት ቅጣት መጣል ይቅር። የእናቴን ቅጣት መብራት ድርጅቱ አላነሳላትም፤ የመርማሪውን ወረቀት አይተውት ነው እምቢ ያሉት።

የግድ ቼክ መላክ ያለበት ሰው ፖስታ ቤቱ ውስጥ ገብቶ ለሠራተኛው በእጁ ይስጥ፤ ማታ ሰማያዊው ሳጥን ውስጥ አያሳድረው። በጄል እስክሪብቶ ይጻፍ፤ ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ስለሚሰርግ በቀላሉ አይታጠብም። ከፖስታ ቤት የሚገዛ መኒ ኦርደር፣ ማለትም ገንዘቡ ቀድሞ ተከፍሎበት እንደ ቼክ የሚላክ ወረቀት፣ እስከ 1,000 ዶላር ድረስ ይሠራል፤ የሂሳብ ቁጥርም አይታተምበትም፤ ደረሰኙ እጅ ላይ ካለ፣ መኒ ኦርደሩ ቢጠፋ ይተካል። ሂሳቡንም የወሩን ስቴትመንት ሳይጠብቅ በየሳምንቱ ይመልከት።

አሁን እሑድ እሑድ ከሰዓት ከእናቴ ጋር እንቀመጣለን። ስልክ፣ መብራትና ኢንሹራንስ በኮምፒውተር ይከፈላሉ። እሷ መነጽሯን አድርጋ የማረጋገጫ ቁጥሩን አንድ በአንድ ታነባለች፤ ከዚያ በዚያችው በድሮዋ የቼክ ደብተር ጀርባ ላይ ቀኑንና መጠኑን ጨምራ ትጽፋለች። ኪራዩ ግን አሁንም በቼክ ነው፤ አከራይዋ ሌላ አልቀበልም ብሏል። በወሩ መጀመሪያ ሁለት አውቶቡስ ተሳፍራ ቢሮው ድረስ ትወስደዋለች፤ ደረሰኝ ሳይጽፉላት አትወጣም።