እኔ ሸማኔ እሆን ነበር

ገንዘብና ክብር ባያሳስባችሁ የትኛውን ሙያ ትመርጡ ነበር ለሚለው ጽሑፍ ብዙዎች ሥዕልን፣ ሙዚቃንና ጉዞን መርጠዋል። እኔ ያለ ማመንታት ሸማኔ እሆን ነበር።

ሽሮ ሜዳ ወይም ጨንቻ ሄዶ ሸማኔ ሲሠራ ቆሞ ያየ ሰው ይረዳኛል። እግሮቹ ጉድጓዱ ውስጥ ሆነው መርገጫውን በተራ ይጫናሉ፤ ድሩ ይከፈታል፤ መወርወሪያው ማጉን ይዞ ከዳር እስከ ዳር ይበራል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ግን ያ ፍጥነት ይቆማል። ባለቀለሙን ክር በጣት እየለዩ፣ ድሩን እየቆጠሩ ማስገባት ይጀመራል፤ ልምድ ያለው ሸማኔ ንድፉን በቃሉ ነው የሚያውቀው። ይህን ሁሉ ስሌት በጭንቅላቱ የሚሠራ ሰው «ያልተማረ» ሲባል ስሰማ እናደዳለሁ።

ከሁለቱ የሚከብደው ገንዘቡ ሳይሆን ክብሩ ይመስለኛል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጆችን በሙያቸው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ዛሬም ግን በየበዓሉ በጥበብ ልብስ የምንደምቅ ወላጆች፣ ልጃችን ሸማኔ ልሁን ቢለን እንደነግጣለን። ጥጡን ፈትለው ለሸማኔው የሚያቀርቡት ሴቶች ሙያማ ጭራሽ የሚያነሳውም የለም።

የዚያ ጽሑፍ አዘጋጆች በሚቀጥለው ጊዜ ይህንኑ ጥያቄ ለሸማኔዎቹ ለራሳቸው ቢያቀርቡልን ደስ ይለኛል። ገንዘብና ክብር ባያሳስባቸው ኖሮ እዚያው ሙያቸው ላይ ይቆዩ ነበር? መልሳቸውን ከልቤ ማወቅ እፈልጋለሁ።